ለማያነበው ሰው ያለብን ዕዳ

ሰው ፈጽሞ ሊያነበው በማይችለው መጽሐፍ ውስጥ ጠባዩ ቢተረክ፣ ቤቱ ቢሣል፣ የልቡም ምሥጢር ለሌሎች ቢገለጥ፣ ተበደለ ይባላልን? ወይስ በደል የሚባለው ለተበዳዩ ሲሰማውና ሲያመው ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በሰው አገር ኖሮ ስለ ኖረበት አገር የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ፣ የዚያንም ደራሲ መጽሐፍ «ግዙ፤ አንብቡ» እያለ ለሕዝብ የሚያቀርብ ወዳጅ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ነው።

በቋንቋችን ይህን ነገር የሚመለከት አንድ ከባድ ስድብ አለ፤ ይኸውም «ወጪት ሰባሪ» የሚለው ነው። የተጋበዘበትን ዕቃ ሰብሮ የሚሄድ እንግዳ ማለት ነው። በአንድ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ከተነገረ በቀላሉ አይፋቅም። ሆኖም ይህ ስድብ ባልተገባ ቦታም ይነገራል። ስለ አስተናጋጁ አገር ነውር እውነቱን የተናገረውን ሁሉ ወጪት ሰባሪ ብንለው፣ በዓለም ላይ ከሙገሳ በቀር የሚጻፍ ነገር ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ቆቦ ስለ እንግዳ ለማሰብ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚወጣው አውራ ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ሾፌሩም ነጋዴውም ወታደሩም ያድርባታል። በምሥራቅ ከዞብል ተራራ ባሻገር ያለው የአፋር ወገን ግመሉን እየነዳ ወደ ገበያዋ ይመጣል፤ በምዕራብም ከደጋው ገበሬው ይወርዳል። በገበያ ቀን በአንድ የማሽላ ክምር ዙሪያ ሦስት አራት ቋንቋ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከሐራ ገበያ እስከ መቀሌ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ በቻይና ኩባንያ ሲጀመር፣ ከዚያ በፊት በሜዳው ያልታየ ዓይነት እንግዳ መጣ። ሕፃናቱ መኪናው ባለፈ ቁጥር «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ሠራተኞቹ ሲሄዱ፣ ስለ እነርሱ የሚነገረው ወግ ግን በየቡናው ቤት ቀረ፤ ገሚሱ እውነት፣ ገሚሱም ያልታየ ነገር ነው።

የዚህ ምድር ሰው በባዕድ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በሮድሪጎ ደ ሊማ ከተመራው የመልእክተኞች ጓድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ደርሶ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ተቀምጧል። ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲጓዝ ያለፈው በአንጎት በኩል ነበር። አንጎት በዚያ ዘመን ይባል የነበረው አገር ዛሬ ራያ ቆቦ የምንለውን ምድር የሚነካ ነው። መጽሐፉ በሊዝበን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው፤ ስለ አገራችን በአውሮፓ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ ከቀደሙትና ከከበሩት ይቆጠራል፤ ይህም ይገባዋል። አልቫሬስ በጠቅላላው ቅን ታዛቢ ነው፤ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አንበጣውን፣ የመንገዱን አቀበት በትዕግሥት ጽፏል።

በአንጎት ሹም ግብዣ ላይ ስለ ቀረበለት ምግብም ጽፏል። ጥሬ ሥጋ ቀረበ፤ ሐሞት የገባበትም ወጥ ቀረበ፤ እንግዶቹም ያንን ትተው ራሳቸው አስይዘውት የመጡትን የበሰለ ምግብ አወጡ። ለእርሱ አስደናቂ ነገር ነበር። እኛ ግን ስናነበው የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ያለውን የላቀውን ነገር ለእንግዳው ያቀረበና እንግዳው ሳይቀምሰው የቀረበት ባለቤት ይታየናል። ይሁን፤ ይህ በደል አይደለም። ሰው ያልለመደውን አለመብላቱ፣ ያየውንም መጻፉ አያስነቅፈውም።

የሚያስነቅፈው ሌላው ነው። በቆላው ይኖሩ ስለ ነበሩት ዶባዎች ሲጽፍ፣ ከእነርሱ ወገን አንድ ሰው ዐሥራ ሁለት ክርስቲያን መግደሉን ካላስመሰከረ ሚስት ማግባት አይችልም የሚል ሕግ እንዳላቸው ያወሳል። ይህን ነገር ከማን ሰማው? በዶባ ቤት አድሮ፣ ሠርጉን አይቶ አይደለም። ከዶባዎች ጋር ከብት ሲነጣጠቅና ሲጋደል ከኖረው ከደጋው ጎረቤት አፍ የተቀበለው ለመሆኑ ነገሩ ራሱ ይመሰክራል። የጠላት ወሬ በእንግዳ ብዕር ተጽፎ፣ በሩቅ አገር ታትሞ፣ በሌሎችም ቋንቋዎች ተተርጉሞ ወደ አምስት መቶ ለሚጠጋ ዓመት ሲነበብ ኖረ። «ይህ እንኳ ሐሰት ነው፤ እኛም እንደ ሰው በሽማግሌ እንጋባለን» ብሎ የሚመልስ አንድ ዶባ አልተገኘም፤ ፖርቱጋልኛ አያነብምና። እንግዲህ ዶባው ስላላወቀ አልተበደለም እንበልን? ስሙ በዓለም ፊት ጠፍቷል፤ እርሱም ጠፋብኝ ብሎ የሚከስስበት ዳኛ አላገኘም። እንደ እኔ አስተያየት፣ አለማወቁ በደሉን የሚያቀል ሳይሆን የሚያከብድ ነው። ፊት ለፊት የተሰደበ ሰው ቢያንስ አፉን ከፍቶ ይመልሳል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አንድ ባልደረባዬ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ እንዳነብለትና ለሽፋኑ የሚሆን የማስተዋወቂያ ቃል እንድጽፍለት ጠይቆኛል። ሰውየው በቻይና አገር በናንጂንግ ከተማ ለትምህርት ጥቂት ዓመታት የኖረ ነው። መጽሐፉም በዚያ ስለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ይተርካል፤ ስለ ተማሪዎች፣ ስለ ነጋዴዎች፣ እንግሊዝኛ እያስተማሩ ስለሚያድሩ መምህራን፣ በበዓል ቀን እንጀራ ናፍቋቸው በሩዝ ዱቄት ለመጋገር ስለሚታገሉ ልጆች። የአጻጻፉ ነገር ያስደስታል፤ ብዙ ቦታም ያስቃል። ከሁሉ የበለጠው ምዕራፍ ግን የሚያስቅ አይደለም።

በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ቤት ያከራየችው አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። በቻይናውያን ልማድ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት «አዪ» ማለትም አክስት እየተባለች ትጠራለች፤ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። ይህች ሴት በአዲስ ዓመታቸው ሌሊት፣ ቤተ ዘመድ ሳይመጣላት ከተከራይዋ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገር ነገረችው። አንድ ልጅ ብቻ ይወለድ የሚለው የመንግሥት ደንብ በጸናበት ዘመን ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ያችንም ሕፃን በሌሊት ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ አላየቻትም። ይህ ደንብ ከ1980 ገደማ ጀምሮ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆየ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ታሪኩ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የብዙ እናቶች ነው። ነገር ግን በረቂቁ ውስጥ የሴቲቱ ጎዳና ከነስሙ፣ የልብስ መስፊያዋ ቦታ፣ የጎደለ ጣቷም ሳይቀር ተጽፏል። እውነተኛይቱ ሴት ጣቷ እንደ ጎደለ እርሱ ራሱ ነገረኝ።

«ወንድሜ፣ ይህን የነገረችህ ትጽፈው ዘንድ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይደለም» አለኝ፤ «ግን ማን ያውቃታል? የቻይና ሕዝብ ከአንድ ቢሊዮን አራት መቶ ሚሊዮን አያንስም። እርሷ አማርኛ አታነብም፤ ልጇም አታነብም። እኔ የጻፍሁት የእናትን ኀዘን የአገሬ ሰው እንዲያውቀው ነው።»

መልሱ የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም የኀዘኗ ታሪክ ከመጽሐፉ ቢወጣ የሚቀረው ቀልድ ብቻ ነበር። የእኛ አንባቢ ስለ ቻይና የሚያውቀው ዕቃውንና ግንባታውን ነው፤ በዚያ አገር የምታለቅስ እናት እንዳለች ማወቁ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ቢሆንም ሴቲቱ ምሥጢሯን ለእንግዳ የነገረችው እንግዳ ስለ ሆነ ነበር። የሚሄድ ሰው መሆኑን ስላወቀች፣ ወሬውንም ይዞት ስለሚሄድ ነው። የተማመነችበት ነገር የቋንቋው አለመተዋወቅ ከሆነ፣ እርሱ ያንኑ አለመተዋወቅ ለመጻፍ ፈቃድ አድርጎ ሊወስደው ይገባልን?

በቅንፍ ልናገርና፣ በዛሬ ዘመን «አታነበውም» የሚለው ቃል ራሱ እየሳሳ ሄዷል። አንድ ሰው ስልኩን በአማርኛ ገጽ ላይ ቢደቅን በቻይንኛ የሚተረጉምለት መሣሪያ አለ። ግን የሥነ ምግባርን ነገር በስልክ ላይ ማንጠልጠል አልወድም። ትርጉሙ ቢኖርም ባይኖርም ዕዳው ያው ነው።

ስለ ቻይና ልብ ወለድ በመጻፍ እጅግ የታወቀችው የባዕድ ልጅ ፐርል በክ ናት። አሜሪካ ተወልዳ ገና ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ለስብከት ወደ ቻይና ወሰዷት፤ በዚያው አደገች፤ ኋላም በናንጂንግ ኖረች፣ አስተማረች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ ስሟን ያስጠራው ስለ አንድ ድኻ ገበሬ የሚተርከው ሁለተኛው መጽሐፏ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። በ1938 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። በ1933 ግን ኪያንግ ካንግ ሁ የተባለ ቻይናዊ ምሁር በአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ነቀፋት፤ የአገሬን ታላላቅ ሰዎች ትታ ተራውን ሕዝብ ብቻ አሳየች የሚል ነበር ዋናው ቅሬታው። እርሷም በበኩሏ፣ ተራው ሕዝብ የአገሩ ሰው አብላጫ አይደለምን ስትል መልስ ሰጠች። በዚህ ክርክር እኔ ከእርሷ ጋር እቆማለሁ። ኪያንግ ካንግ ሁ የተከራከረው ስለ አገሩ ክብር እንጂ ስለ ገበሬው ክብር አልነበረም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በሁለቱ መካከል ገበሬው ራሱ አለመናገሩ ነው። ያነበበው ምሁር ተናገረ፤ የተጻፈበት ገበሬ ዝም አለ። ለፐርል በክ የምንሰጣት ምስጋና፣ ያ ዝም ያለ ሰው ቢያነበው ኖሮ «ይህስ እኔን ነው» ሊል በሚችልበት ዓይነት መጻፏ ነው። በአርባ ዓመት ኑሮ የተገዛ ዕውቀት ነበር።

ከዚህ ጋር የእንግሊዛዊውን የኢቭሊን ዎን ሥራ ማስተያየት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ጋዜጠኛ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ፤ ጥቂት ሳምንት ተቀመጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕልም ስም የጠራትን የአፍሪካ መንግሥት መሣቂያ ያደረገበትን ልብ ወለድ አወጣ። አጻጻፉ ስለታም መሆኑን ማንም አይክድም። አስተናጋጁ ሁሉ ግን ለእርሱ የመድረክ አሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊት ምሥጢር የለውምና፣ ምሥጢር ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም።

እንግዲያስ መድኃኒቱ ማመስገን ብቻ ነውን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ስሙ ራሱ የብርሃን ማደሪያ የሚል ነው። ለዘመኑ አንባቢ ትልቅ ጥቅም የሰጠ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት እንግዳ የሚያየው መንግሥት ያሳየውን ነው። የመልእክተኛ መጽሐፍ የምስጋና ደብዳቤ ቢመስል አይነቀፍም፤ ልብ ወለድ ግን የምስጋና ደብዳቤ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም የሚያነበው አይገኝም።

እዚህ ላይ «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ራሱን ልብ እንበለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ሲያሳትሙት ርእሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። እርሳቸውም በሰው አገር የጻፉ ሰው ነበሩ። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት፣ ጸሐፊው ሰውን፣ ቦታን፣ ዘመንን እንደ ፈለገ ይለዋውጥ ዘንድ ሥልጣን አለው ማለት ነው። ዜና ጸሐፊ ይህ ሥልጣን የለውም፤ ስምና ቦታ ለውጦ ቢጽፍ ዋሸ ይባላል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን መሸፈኛ ነጠላ በእጁ ተሰጥቶታል። ነጠላ ያልያዘ ሰው የተራቆተውን ባለመሸፈኑ አይከሰስም፤ በትከሻው ላይ ይዞ ሳለ ያልሸፈነ ግን ምን ሊመልስ ይችላል? ለባልደረባዬም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ኀዘኑን ተው አላልሁትም። ጣቷን መልስላት፣ ጎዳናውን ለውጠው፣ ልብስ ሰፊ መሆኗን ትተህ ሌላ ሥራ ስጣት አልሁት። «ጣቷ እኮ እውነት ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ጣቷ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ የምዕራፉ እውነት ግን በጣቷ ላይ አልቆመም።

ይህን ሕግ ለሁሉ እኩል ማድረግ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከራያ ቆላ ወጥተው በአፋር በረሃና በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አልፈው ሳዑዲ ዐረቢያ የደረሱ ልጆች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከዚያ አገር ከአንድ መቶ ስድሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ሲመለሱ፣ በየቀበሌያችን ልጁ ያልተመለሰለት ወይም ታሞ የተመለሰለት ቤት ነበር። ከእነዚህ አንዷ ነገ ተነሥታ ደመወዟን ስለ ከለከላት፣ በር ስለ ቆለፈባት ጌታ ልብ ወለድ ብትጽፍ፣ ነጠላ ልበሽለት ልንላት ነውን? እንጀራውን በልታለች ይባል ይሆናል፤ ግን የበላችው በላቧ የሠራችበትን ነው፤ እንግዳም አልነበረችም። የምሥጢር አደራ የሚኖረው አደራ ሲሰጥ ነው። የተበደለ ሰው የበዳዩን ሥራ መናገሩ ምስክርነት ነው። ልብስ ሰፊዋና የሳዑዲው ጌታ ሁለቱም አማርኛ አያነቡም፤ ዕዳ የተበደርነው ግን ከአንዷ ብቻ ነው። እንግዲህ መለያው በንባቡ ላይ አይደለም፤ ማን ለማን ምን ሰጠ፣ ኀይሉስ በማን እጅ ነበር የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ አስተዋዋቂው እንምጣ፤ የእኔም ድርሻ እርሱ ነውና። ዛሬ ዛሬ መጽሐፍ ሲመረቅ የሚነገረውን የሰማ ሰው፣ በአገራችን መካከለኛ ደራሲ የለም ወደሚል አሳብ ይደርሳል፤ ሁሉም «ድንቅ»፣ ሁሉም «ወደር የሌለው» ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ ከሽፋኑ አልፈው እንዳላነበቡ ንግግራቸው ያሳብቃል። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። መጽሐፍን ለሰው የሚያቀርብ ሰው በልማዳችን ዋስ እንደምንለው ነው። ዋስ የሆነ ሰው፣ ተበዳሪው ሲጠፋ ይጠየቃል። የመምህር ደመወዝ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ላይ ለመጽሐፍ የወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ጫማ ወይም ከቤቱ ዘይት የተቀነሰ ነው። ያነበበው ነገር እንደ ተባለለት ሳይሆን ቢቀር፣ የሚቀጥለውን የመጀመሪያ መጽሐፍ አይገዛም፤ ያ የሚቀጥለው ደራሲ ምናልባት እውነተኛው ነበር።

ታላቁ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ አገራችን ነበር። የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳተመው፤ በመቅድሙም ሎቦን ተአምር የማያበዛ፣ ያየውን እንዳየው የሚጽፍ ሰው ነው ሲል አመሰገነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ እስኪሞትም ድረስ አላያትም። በምን ተማምኖ ዋስ ሆነ? በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ከክፋትና ከደግነት የተቀላቀሉ፣ እንደ ራሱ አገር ሰዎች ያሉ ሰዎች መሆናቸውን አይቶ ነው። ይህ መመዘኛ ናንጂንግን ላላየሁት ለእኔም ይበቃኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቻይናዊ ሁሉ ተንኮለኛ፣ ወይም ሁሉ ጠቢብ፣ ወይም ሁሉ አሻንጉሊት ቢሆን ኖሮ፣ አገሩን ሳላይ ሐሰት መሆኑን ባወቅሁ ነበር።

አንባቢም በራሱ አገር ሊመዝነው ይችላል። ሐዲድ ሊዘረጉ ከመጡት ሰዎች መካከል አንዱ፣ ዛሬ በአገሩ ተቀምጦ በቆቦ ስላሳለፈው ዘመን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ይጽፋል እንበል። በመንገድ ዳር ቡና ታፈላለት የነበረችውን እናታችንን ያስገባታል። ምን እንዲጽፍ እንወዳለን? ጭሱን፣ ዝንቡን፣ ሙቀቱን ቢጽፍ አንቀየመውም፤ በበጋ የቆቦ ሙቀት የሚያስመርር ለመሆኑ እኛም ምስክሮች ነን። ዋጋ ጨመረችብኝ ቢል እንስቃለን። በትርጁማን በኩል ያጫወተችውን የቤቷን ጉድ ከነመንደሯና ከነጠባሳዋ ቢያወጣው ግን፣ መጽሐፉ በናንጂንግ መደርደሪያ ላይ ቢቀር እንኳ ደስ አይለንም።

ባልደረባዬ ምዕራፉን እንደገና ሊጽፈው ወስዶታል። ለሽፋኑ የምሰጠው ቃል ከአራት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። ጸሐፊው በናንጂንግ ኖሮ ያየውን ነገር እንደ ጻፈ፤ ስለ ነጋዴዎቹ የሚናገረው ሦስተኛው ምዕራፍ ከሚገባው በላይ እንደ ረዘመ፤ የእናቲቱ ታሪክ ግን ለብቻው የመጽሐፉን ዋጋ እንደሚያወጣ፤ ይህም የመጀመሪያ ሥራው እንደ ሆነ እናገራለሁ። የሦስተኛውን ምዕራፍ ነገር እንድተወው ለምኖኛል፤ አልተውሁትም።